የኤልደርኮምብ ሚካኤል

ዙፋን በርበሬ ልትሰፍር እጇ ላይ የላስቲክ ጓንት ስታጠልቅ የመዓዛ ልብ ስንጥቅ አለ። ጓንት! ዛሬ ሐሙስ የዕረፍት ቀኗ ነው፤ ከምሳ በኋላ ከቤት ስትወጣ የምትጦራቸው አሮጊት፣ ሲኞራ ሄስተር፣ እንደ ወትሯቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሹራባቸው ያው የዘወትሩ ሹራብ፣ ፀጉራቸውም እንደ ዘወትሩ የተበጠረ ነበር፤ ጉልበታቸው ላይ ግን አንድ ጥንድ ነጭ ጓንት ነበር። መዓዛ አይታዋለች። አይታም «ቻው ሲኞራ፣ ማታ እመጣለሁ» ብላ ወጥታለች። ነገሩ የገባት አሁን፣ የሮማ ከተማን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ቪያ ቮልቱርኖ ከደረሰች በኋላ ነው። ሲኞራ ቤት ውስጥ ጓንት አይዙም። ጓንታቸውን ከመሳቢያ የሚያወጡት መንገድ ሲያስቡ ብቻ ነው።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለች ዙፋን። የአዲስ አበባ ጎረቤቷ ነበረች፤ አሁን ቪያ ቮልቱርኖ ላይ አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ከፍታለች። ለመስቀል በሩ ላይ የሰቀለችው የላስቲክ አደይ አበባ ገና አልወረደም።

«ጓንት ይዘው ነበር።»

«ማን?»

«ሲኞራ። ጉልበታቸው ላይ።»

ዙፋን ማንኪያውን በርበሬው ውስጥ ሰክታ ወገቧን ያዘች። «አንቺ ሴትዮ! ያለፈው ሐሙስ ጋዙን አልዘጋሁም ብለሽ ከነጉርሻሽ ተነሥተሽ ሮጥሽ፤ ተዘግቶ አገኘሽው። ያን ሰሞን ደግሞ ልጄ ስልክ አላነሣችም ብለሽ ሆስፒታል ለሆስፒታል ልትዞሪ ነበር፤ ልጅት ሲኒማ ቤት ቁጭ ብላለች። ዛሬ ደግሞ ጓንት! ሰው ጓንት ያዘ ተብሎ ድንኳን ይተከላል?»

መዓዛ አልሰማቻትም። ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ነበር። ልጇ ሲፈን በዚህ ሰዓት ከትምህርት ቤት ገብታለች።

«ፕሮንቶ፣ ማማ።»

«ሲኞራ አሉ?»

የእግር ኮቴ ተሰማ፤ በር ተከፈተ፤ ሌላ በር ተከፈተ። «ማማ፣ ስገባ የውጭው በር ክፍት ነበር። እኔ አንቺ ያለሽ መስሎኝ...»

«ሲኞራ አሉ ወይ ነው የምልሽ!»

«የለችም።»

«የሉም በይ!» አለች መዓዛ፤ ከዚያ የሰማችው ገባት።

ዙፋን ያን ጊዜ ቀልዷን ተወች። በርበሬውን በወረቀት ጠቅልላ እጇ ላይ አስያዘቻትና «ሂጂ፣ ሂጂ! በጊዮርጊስ፣ ቆመሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ እስከ በሩ ገፋቻት።

ሰባ አምስት ቁጥር አውቶቡስ እንደዚያ ቀን ቀርፋፋ ሆኖ አያውቅም። መዓዛ መስኮቱን ተደግፋ፣ መጥፎ መጥፎውን በየተራ አየችው። ሲኞራ ትራም ሥር። ሲኞራ ቴቬሬ ወንዝ ውስጥ፣ ነጭ ጓንታቸው ውኃው ላይ ተንሳፎ። ቀጥሎ የመጣባት ግን ከሁሉ የባሰው ነበር፤ እሱም በእውነት ሊሆን የሚችለው ነው። ሲኞራ በሚያዝያ አንድ ጠዋት በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው ትራም ፌርማታ ላይ ተገኝተው ነበር። ያኔ እንግሊዝ አገር ያለው የወንድማቸው ልጅ፣ ሲኞር ኤድመንድ፣ በስልክ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «አንድ ጊዜ ይሁን። ሁለተኛ ከጠፉ ግን መጥቼ እወስዳቸዋለሁ። እዚህ አጠገቤ ጥሩ የአረጋውያን ቤት አለ።» ማታ ማታ ይደውላል። ዛሬም ይደውላል።

ሲኞራ ባይኖሩ ሥራው ብቻ አልነበረም የሚቀረው። መዓዛ ልጇን ከአዲስ አበባ ስታስመጣ፣ የሰው ቤት እያደረች የምትሠራን ሴት ከነልጇ የሚቀበል አልተገኘም ነበር። ሁሉም «ሴይ ብራቫ፣ ማ...»፣ ጎበዝ ነሽ ግን፣ እያለ ይሸኛታል። ሲኞራ ሄስተር ብቻ ናቸው «ክፍሉ ባዶ ነው፤ ባዶ ክፍል ምን ይሠራልኛል?» ያሉት። ሲፈን የዚያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ አሥራ ስድስት። ጣራውም፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ፔርሜሶውም፣ የልጅቱ ትምህርት ቤትም በእኒያ አሮጊት ላይ ቆሟል። እኒያ አሮጊት ደግሞ ልጅ የላቸውም፤ ባላቸው፣ ሮማዊው አስተማሪ፣ ከሞቱ ቆይተዋል። የማያውቁት ቤት ቢገቡ ማን እንደሆኑ የሚነግራቸው አይገኝም። ማን እንደሆኑ ደግሞ እየረሱ ነው።

አንድ ያልረሱት ነገር ግን አለ፤ ኤልደርኮምብን።

ያለፈው ዓመት ብርዱ ሲገባ ነው የጀመራቸው። ሌላው ሁሉ ከራሳቸው እየደበዘዘ ሲሄድ፣ ያቺ የተወለዱባት የእንግሊዝ መንደር ብቻ እየጠራች መጣች። ትናንት ምሳ ምን እንደበሉ አያውቁም፤ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ወፍጮውን ማን እንደያዘው ግን ያውቃሉ። ማታ ማታ፣ መዓዛ ባቄላ ስትፈለፍል ወይም ልብስ ስትተኩስ፣ እሳቸው መንደሯን ይዘረጉላታል። መጀመሪያ ጫካ ነበር ይላሉ። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ንጉሥ አገሩን በጦር ያዘና ሸለቆውን ለሁለት ከፈለው፤ የላይኛውን ለአንድ ፈረሰኛው፣ የታችኛውን ለመነኮሳት ሰጠ።

«ማነር ይባላል» አሉ ሲኞራ። «መሬቱ ከነሰዉ ማለት ነው። ገበሬው የራሱን ያርሳል፤ ከሳምንቱ እኩሌታውን ደግሞ ለጌታው ያርሳል።»

«ጉልት ነዋ!» አለች መዓዛ በአማርኛ፤ ጣልያንኛው አልመጣላትም።

ሲኞራ ቃሉን ደጋግመው ቀመሱት፤ ጣፈጣቸው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ኤልደርኮምብ ጉልት ሆነች። መነኮሳቱ የዓሣ ኩሬና የእርግብ ቤት ነበራቸው። ከዚያ አንድ ንጉሥ በሚስት ጉዳይ ከጳጳሱ ጋር ተጣላና መነኮሳቱን አባሮ መሬታቸውን ሸጠው። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሲኞራ በመስኮቱ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ያመለክታሉ፤ «ከዚህ ጎረቤታችን ጋር ተጣልቶ» ይላሉ፤ ነገሩ ትናንት የሆነ፣ ጳጳሱም ያው የቀድሞው ጳጳስ ይመስል። መሬቱን የገዛው የሱፍ ነጋዴ ከላይኛው ጌታ ጋር በጅረት ተጣላ። የላይኛው ጅረቱን ጠልፎ ወሰደ፤ የታችኛው ወፍጮ ቆመ፤ ልጅ አባቱን እየተካ ተካሰሱ። በመጨረሻ የታችኛው ጌታ ልጅ፣ በደረቀው የጅረት መሄጃ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ወደ ላይኛው ቤት ወደምትወደው ሰው ወጣች። በማግሥቱ ውኃው ተለቀቀ። ሁለቱ ጉልት አንድ ሆነ።

መዓዛ ይህን ስትሰማ መተኮሻው እጇ ላይ ይቀዘቅዛል። ልጅቷን ታያታለች። እርጥብ ጠጠር ከእግሯ ሥር ሲንሸራተት ይሰማታል። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የሚካኤል መሆኑን የሰማች ቀን ደግሞ መንደሯ የባዕድ አገር መሆኗ ቀረ። አንዳንድ ሌሊት በሕልሟ እዚያ ታድራለች። ጉም ባረፈበት ሜዳ በጎች ቆመው፣ የወፍጮው ጎማ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ከወፍጮው በር ነጠላ የለበሱ ሰዎች ዱቄት ተሸክመው ሲወጡ ታያለች። ነጠላ ለምን እንደለበሱ በሕልሟ አይገርማትም። ከእነሱ አንዱ ሁልጊዜ አያቷ ናቸው።

አባባ ሳህለ አድዓ ውስጥ የሰው መሬት ጭሰኛ ነበሩ። መዓዛ አታውቃቸውም፤ እናቷ ናት የነገረቻት። ለኅዳር ሚካኤል ለባለመሬቱ እጅ መንሻ በግ ይዘው ይሄዳሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ይቆማሉ፤ ማታ አሽከር ይወጣና በጉን ይቀበላቸዋል። በቃ። ግቡም፣ ውኃ ጠጡም የሚላቸው የለም። «መሬት ላራሹ» የታወጀው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። መዓዛ ይህን ለሲኞራ ነግራቸው አታውቅም። ደግሞስ ምን ብላ ትነግራቸዋለች?

ቤት ስትደርስ ሲፈን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትበላ ነበር።

«ኮፍያዋን ወስዳለች። የገበያውን ቅርጫትም። ዳቦም የለም፣ ማማ፤ የጠዋቱ ፓኞታ ሙሉው የለም።»

«ጠዋት ምን አሉሽ? አንድ ነገር ብለውሽ ይሆናል። አስቢ!»

«ኒየንቴ፣ ምንም። ደስ ብሏት ነበር። ጉንጬን ሳመችና "ዛሬ ሳን ሚኬሌ ነው" አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት፤ ክፍላችን ያለው ሚኬሌ ዛሬ ኦኖማስቲኮው፣ የስሙ በዓል፣ ስለሆነ ኬክ አምጥቷል።»

መዓዛ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ከዘመን መለወጫ በኋላ ባሉት ቀናት አንድ ማታ ሲኞራ እጇን ያዝ አድርገው «ለሚካኤል ኤልደርኮምብ መሆን አለብኝ» ብለዋት ነበር። «አዝመራው ተሰብስቦ ጭሰኞቹ ዝይ ይዘው የሚመጡት ለሚካኤል ነው። ከቤቱ ሰው መኖር አለበት። ትወስጂኛለሽ?» መዓዛም «እሺ ሲኞራ፣ ለሚካኤል እንሄዳለን» አለች። ምን ልትል ኖሯል? ትልቅ ሰው ለምኖሽ «አይሆንም» አይባልም፤ እንደዚያ ነው ያደገችው። እሺ ማለት ውል መግባት አይደለም፤ ብርድ ላይ ላለ ሰው ጋቢ ጣል እንደ ማድረግ ነው። ደግሞ ሚካኤል ሲባል ልቧ የሄደው ወደ ኅዳር ነው። እስከ ኅዳር ስንት ቀን አለ! እስከዚያ ይረሱታል ብላ ነበር። ፈረንጅም የራሱ ሚካኤል እንዳለው፣ የሱም ሚካኤል ከመስቀል ቀጥሎ እንደሚውል አንድም ጊዜ አላሰበችም። ሲኞራ ግን እሺታዋን ይዘው ጠበቁ። ጓንታቸውን አውጥተው የምትወስዳቸውን ጠበቁ። እሷ ደግሞ «ቻው ሲኞራ» ብላ ወጣች።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው።»

«ማማ፣ አሁን ጊዜው አይደለም። ፖሊስ ልጥራ?»

«ቆይ። ቆይ እስቲ።» መዓዛ ዓይኗን ጨፈነች። ቴቬሬ መጣ፣ ትራሙ መጣ፤ በግድ ገፋቻቸው። ከዚያ ኤልደርኮምብ ገባች፤ መንገዱን ከአድዓ ይልቅ ታውቀዋለች። «ከቤተ ክርስቲያኑ በር ይወጣል... የግንቡን አጥር ይዞ ይኬዳል... ትልቅ የድንጋይ ቅስት አለ፤ ከቅስቱ በኋላ ግራና ቀኝ ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ። ከዛፉ መጨረሻ ነጩ ቤት።»

«ግን እሱ እኮ...» ሲፈን ብድግ አለች። «ማማ፣ እሱ እኮ መናፈሻው ነው፣ ቪላ ፓምፊሊ!»

እየሮጡ ሄዱ። ከሳን ፓንክራዚዮ ቤተ ክርስቲያን አልፈው፣ የግንቡን አጥር ይዘው፣ በየቀኑ ሰው ውሻውን የሚያንሸራሽርበት መናፈሻ ገቡ። መዓዛ ሰባት ዓመት እዚህ ሰፈር ስትኖር ስንት ጊዜ አልፋበታለች፤ ዛሬ ግን እንደ አዲስ አየችው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ቅስቱን በማር ቀብታዋለች። ከቅስቱ ወዲያ ያሉት ጥዶች ጥላቸውን መንገዱ ላይ አጋድመዋል። አረንጓዴ በቀቀኖች ከዛፍ ዛፍ እየተጯጯሁ ያልፋሉ። ከሣሩ ቀጭን ጉም ይነሣል፤ ከጉሙ ውስጥ በግ ቢወጣ፣ ዱቄት የተሸከመ ሰው ቢወጣ መዓዛን ባልገረማት። የገዛ ኮቴዋ እንኳ የሌላ ሰው ኮቴ መሰላት። ሲፈን ቀድማ ትሮጣለች፤ እሷ ከኋላ በሰው ሕልም ውስጥ የምትሄድ ይመስል ነበር።

ነጩ ቤት ከአጥሩ በስተጀርባ ነበር፤ ከፊቱ ባለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ሲኞራ ሄስተር ቁጭ ብለዋል። ኮፍያቸው ቀጥ ብሎ፣ ጓንታቸው እጃቸው ላይ፣ ቅርጫታቸው ጉልበታቸው ላይ። አጠገባቸው ቁልፍ ያንጠለጠለ ጎልማሳ የመናፈሻው ጠባቂ ራሱን እያከከ ቆሟል።

«የእናንተ ናት?» አለ። «ሊዘጋ ነው እላታለሁ፤ እሷ እንግዶች አሉብኝ ትለኛለች።»

መዓዛ ጉልበታቸው ሥር ተንበረከከች። «ሲኞራ! ሲኞራዬ! ምን ሆኑ? ወደቁ? አመመዎት?»

ሲኞራ ከሩቅ እንደሚያይ ሰው አዩዋት፤ በትሕትና፣ እንደማያውቋት። «ዘገያችሁ» አሉ። «ከላይኛው ናችሁ ከታችኛው?»

«እኔ ነኝ፣ መዓዛ። ቤት እንሂድ፤ ይበርዳል።»

«ቤቴ ነኝ፣ ልጄ። ጭሰኞቼን እየጠበቅሁ ነው። አንድም ሰው አልመጣም።» ቅርጫታቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «በእኛ ጊዜ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

መዓዛ ክንዳቸውን ያዝ ብታደርግ አግዳሚውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ እንደዚያ ያለ ጉልበት ከየት እንዳመጡት አይታወቅም። ጠባቂው ሰዓቱን አየ። «ስሚ፣ የኔም አያት እንዲሁ ነበሩ፤ ይገባኛል። ግን መዝጋት አለብኝ። አምቡላንስ ልጥራልሽ?»

አምቡላንስ ከመጣ ሆስፒታል አለ፤ ከሆስፒታል ለሲኞር ኤድመንድ ይደወላል። መዓዛ ነገሩን እስከ መጨረሻው አየችው፦ ሻንጣው፣ አውሮፕላኑ፣ ባዶው ወንበር።

ሲፈን ጆሮዋ ሥር ተጠጋች። «ማማ፣ ጭሰኛ ነን በያት። ምን ይጎዳሻል?»

ምን ይጎዳሻል! ልጅት ምን ታውቃለች? አባባ ሳህለ ከነበጋቸው በዚያ ደጅ ቆመው ታዩዋት። እናቷ ያን ታሪክ ስትነግራት ሁልጊዜ የምታበቃው «አንቺ ግን የማንም ደጅ አትቆሚም» ብላ ነበር። የቆመችበት ደጅ ግን ይኸው። ሲኞራ ወደ መንገዱ ማዶ አሻግረው ይመለከታሉ፤ ዓይናቸው ውኃ አቅርሯል።

መዓዛ ተነሣች። ነጠላ ባይኖራት ሻርፗን አስተካከለች።

«ከታችኛው ነን፣ እመቤቴ» አለች። «መንገዱ ርቆብን ነው የዘገየነው። ይቅርታ ያድርጉልን።»

የሲኞራ ፊት በራ። «ከታችኛው! ታዲያ ዝይው የታል?»

ዝይ የለም። መዓዛ እጇ ላይ ያለው የዙፋን ጥቅል ብቻ ነበር። በሁለት እጇ አቀረበችው፤ ወገቧም ሳታዘው ጎንበስ አለ። ሲኞራ ወረቀቱን ገለጥ አድርገው አሸተቱ።

«በርበሬ!» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ እንጥሽ ብለው ኮፍያቸው አንድ ዓይናቸው ላይ ወረደ።

«ይማርዎት!» አለች መዓዛ።

«ሳሉቴ!» አለ ጠባቂው።

ሲኞራ ይስቁ ጀመር። «የወፍጮው ቤተሰብ ናችሁ! ለምን አትሉኝም? የወፍጮው ሰዎች ዝይ አያመጡም፤ ግብራቸው ጥንትም በርበሬ ነው። አንድ ፓውንድ ቁንዶ በርበሬ በዓመት። ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ ያኔ እንደ ወርቅ ነበር።» ጥቅሉን ጥንቅቅ አድርገው አጠፉና ከጎናቸው አስቀመጡት። «ይህኛው ግን የዘንድሮ ነው። ኃይለኛ ነው።»

«የቪያ ቮልቱርኖ ነው» አለች ሲፈን፤ መዓዛ በክርኗ ጎሰመቻት።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ ሲኞራ። «በሚካኤል ቀን ከደጄ ጦሙን የሚመለስ የለም።»

ቅርጫቱን ከፈቱ። የጠዋቱ ዳቦ ሙሉው እዚያ ነበር፤ ተቆርጦ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ እያንዳንዱ ቁራሽ በናፕኪን ተጠቅልሎ። ቤት ውስጥ ያለው ናፕኪን ሁሉ ሳያልቅ አልቀረም። ለመንደር የሚበቃ ነበር። ለመዓዛ ሰጧት፤ ለሲፈን ሰጧት፤ ጠባቂውን «አንተም ና፤ የበረኛው ልጅ መሰልከኝ» አሉት። ጠባቂው መዓዛን አየ፣ ቁልፉን አየ፣ ከዚያ ትከሻውን ነቅንቆ ተቀመጠና ጎረሰ። «ቅቤው ጥሩ ነው» አለ አፉን ሞልቶ።

ዳቦው ከጠዋት ጀምሮ ደርቋል። መዓዛ አኘከች፤ የመጀመሪያው ጉርሻ አልወርድላት ብሎ ቆመ፤ ሁለት ጊዜ ዋጠችው። ሲኞራ ነጭ ጓንታቸውን እንዳደረጉ፣ እንግዳው መብላቱን እንደምታይ ባለቤት፣ አፏን ያዩ ነበር። ከነጩ ቤት መስኮቶች በአንዱ ላይ የፀሐይዋ መጨረሻ ነደደ፤ ጠፋ። በቀቀኖቹ ዝም አሉ። መዓዛ ቁራሹን ጨረሰችና፣ ማንም ሳይላት፣ እጇን ዘርግታ ከቅርጫቱ ሌላ አነሣች።

«ሁሉም መጥቷል?» አሉ ሲኞራ ቀስ ብለው።

«ሁሉም መጥቷል፣ እመቤቴ።»

«አሎራ» ብለው ተነሡ።

ጥዶቹን አልፈው ቅስቱ ሥር ሲደርሱ ሲኞራ የመዓዛን ክንድ ተደገፉ። «መዓዛ፣ ይሄ ጫማ እግሬን ፈጀኝ» አሉ። «ምን ሆነን ነው እስካሁን ውጭ የምንዞረው?» ስሟን በመስማቷ ብቻ የመዓዛ እንባ መጣ።

በሩን ሲከፍቱ ስልኩ ይጮኽ ነበር።

«ተኝታለች በዪው» አለች ሲፈን ወዲያው። «ማማ፣ ቲ ፕሬጎ፣ እባክሽ። ታጥባ ተኝታለች። ማን ያውቅበታል?»

መዓዛ እጇን ስልኩ ላይ አድርጋ ቆመች። ውሸቱ ቀላል ነበር። ቢሆንም መጥፎውን ሁሉ አስቀድማ የምታይ ሴት ናትና ይህንንም አየችው፦ ከእንግዲህ በየማታው ስልኩ ሲጮኽ እሷ ውሸት ስትጨምር፣ ሲፈን ዓይኗን ስትሰብር። ደግሞም እሺ ብላ ያመጣችው ነገር ነው። አነሣችው።

«ሲኞር ኤድመንድ፣ ዛሬ ሲኞራ ጠፍተው ነበር» አለች ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ። «ደኅና ናቸው፤ ቤት ናቸው። ጥፋቱ የኔ ነው። ለሚካኤል እወስድዎታለሁ አልኳቸው፤ እኔ በኛ አቆጣጠር ኅዳር መስሎኝ። እሳቸው በእናንተ ቆጥረው ሄዱ።» ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ጓንቱን፣ ቅስቱን፣ ዳቦውን፣ በርበሬውን ሳይቀር።

መዓዛ ሻንጣዎቹን በልቧ ማሸግ ጀመረች።

«አክስቴ ኤልደርኮምብን ሲለቁ ስድስት ዓመታቸው ነበር» አለ ሲኞር ኤድመንድ፤ ጣልያንኛው ቀስ ያለ ነው። «ይህን ያውቃሉ?»

«ስድስት?»

«ስድስት። አጎቶቻቸው በጦርነት አልቀው ስለነበር አያቴ፣ ማለት አባታቸው፣ መሬቱን ቆራርጠው ሸጡት። ቤቱ ፈረሰ። ዛሬ ሄደው ቢያዩት አንድ ዓይነት ቤቶች ናቸው፣ ከነጋራዣቸው። ከድሮው የቀረው የበሩ ድንጋይ ብቻ ነው። የሚካኤሉን ግብር እሳቸው አይተውት አያውቁም፤ እሱ የቀረው ከመወለዳቸው በፊት ነው። አያታቸው እየነገሯቸው ነው ያደጉት።» ከዚያ «በሉ?» ብሎ ጠየቀ። «ሰዎቹ፣ ማለቴ እናንተ፣ በላችሁ?»

«በልተናል። እኔ ሁለት በላሁ።»

ሳቅ ወይም ሳል ነበር፤ አልለየችውም። «መዓዛ፣ ሐሙስ ሲወጡ በሩን ቆልፈውባቸው መሄድ አይችሉም?»

«አይሆንም» አለች። ይህን ቃል ለአሠሪ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ራሷም ደነገጠች፤ ግን ቀጠለች። «እሳት ቢነሣስ? ቢወድቁስ? የሲኞራ ቤት እኮ ነው፤ በገዛ ቤታቸው ላይ አልቆልፍባቸውም። ሐሙስ ሐሙስ ይዣቸው እሄዳለሁ። ጓደኛዬ ምግብ ቤት አላት፤ ወንበር አይጠፋም።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለ ሲኞር ኤድመንድ። «ለገና እመጣለሁ። ያኔ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እስከዚያ እንዳሉት ይሁን።»

«በእርስዎ ገና ነው አይደል?» አለች መዓዛ። ሲፈን አፏን በእጇ አፍና ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

ስልኩን አስቀመጠች። ለገና ይመጣል። ሲመጣ ምን እንደሚል እግዜር ነው የሚያውቀው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሲኞራ ጉንፋን ይይዛቸዋል፣ ሐሙስ አውቶቡስ ላይ ይወድቃሉ፣ ዙፋን በርበሬ አብልታ ትገድላቸዋለች። እያሰበች የሲኞራን እግር በሞቀ ውኃ አጠበች፤ ጫማው የላጠውን ተረከዝ ቅባት ቀባች። ሲኞራ ትራሳቸው ላይ ሆነው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ጅረቱ ይሰማሻል?» አሉ።

መንገዱ ላይ አውቶቡስ አለፈ። መዓዛ አዳመጠች። «ይሰማኛል ሲኞራ» አለች፤ እውነትም አንድ ነገር፣ ሩቅ፣ ጠጠር ላይ የሚሄድ፣ የሰማች መሰላት።

ወጥ ቤት ገብታ ጋዙን አየች፤ ወጥታ ተመለሰችና ደግማ አየችው። መስኮቶቹን ዘጋች። ሲፈን ደብተሯ ላይ አቀርቅራ እርሳሷን ታኝካለች፤ «ማማ፣ ተዘግቷል፣ ተዪው!» አለች ቀና ሳትል። ከመኝታ ቤት የሲኞራ ትንፋሽ ይሰማል፣ እኩል፣ ረጋ ያለ። መዓዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሦስቱንም፣ ራሷንም ጨምራ፣ በልቧ አንድ በአንድ ጠራች። ሁሉም ውስጥ ነበሩ። ያን ጊዜ የውጭውን በር ለሌሊቱ ቆለፈችው።